ስለ ንብ ቀለብ፤ የመዓዛ ዘይት አበባን አይተካም

ማናቸውም አዲስ ጥበብ ወደ አገር ሲገባ በሁለት ዐይነት ሰዎች እጅ ይበላሻል። አንደኛው ወገን አዲስ ስለ ሆነ ብቻ የሚንቀው ነው፤ ሁለተኛው ወገን አዲስ ስለ ሆነ ብቻ የሚያመልከው ነው። ጥበቡ የሚጠቅመው ግን የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቶ በየስፍራው የሚያኖረው ሰው ሲያገኝ ነው። በንብ እርባታ ሥራ የሚነገረው የመዓዛ ዘይት ነገርም እንደዚሁ ነው። ከጦስኝ፣ ከጠጅ ሳር፣ ከናናና እነዚህን ከመሳሰሉ ሽታ ካላቸው ቅጠሎች የተነጠረ ዘይት ከስኳር ውሃ ጋራ ተቀላቅሎ ለንብ ቢሰጥ ማር ይበዛል የሚል ትምህርት በውጭ አገር ንብ አርቢዎች ዘንድ ከተሰማ ቈይቷል። ይህን የሰማ ገበሬ ወደ ወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት መጥቶ «ይህ ዘይት ይገዛልን፤ ይረባልን?» ብሎ ቢጠይቅ ሹሙ የሚመልሰው ቃል ሊኖረው ይገባል። በችኰላ «አዎን» ቢል የድኻውን ገንዘብ ያስጠፋል፤ በችኰላ «አይሆንም» ቢል ደግሞ በጊዜው ሊጠቅም የሚችለውን ነገር ያስቀራል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ኢትዮጵያ በማር ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ከዚህ የሚበልጠው ክፍል በአገር ውስጥ ለጠጅ ይውላል፤ ሰሙም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ለውጭ ንግድ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከአሥሩ ቀፎ ዘጠኙ ከጭቃና ከእበት፣ ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከግንድ የተሠራ የባህል ቀፎ ነው። ከባህል ቀፎ በዓመት የሚገኘው ማር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሲሆን፣ በእንጨት ሣጥን ከተሠራው ባለ ፍሬም ቀፎ ግን አያያዙ መልካም የሆነ እንደ ሆነ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይገኛል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የተመለከተ ሰው ሁሉ አቋራጭ መንገድ ቢፈልግ አያስደንቅም። የዘይት ጠርሙስ ደግሞ ለአቋራጭ መንገድ ፈላጊ የተመቸ ነው። ትንሽ ስለ ሆነ ለማደል ይቀላል፤ ይህን ያህል ጠርሙስ ታደለ ተብሎም በዓመቱ መግለጫ ላይ ለመጻፍ ይመቻል። የተተከለ ዛፍ ግን አበባውን የሚያሳየው ከዓመታት በኋላ ስለ ሆነ በዘንድሮው መግለጫ ላይ ብዙ ቦታ አያገኝም። ሹማምንት ከሁሉ አስቀድመው ሊጠነቀቁት የሚገባ ፈተና ይህ ነው።

የመዓዛ ዘይት ማለት እንደ ኑግ ወይም እንደ ተልባ ዘይት ተጨምቆ የሚወጣ የምግብ ዘይት አይደለም። ቅጠሉ ወይም አበባው በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ሲሄድ እየቀዘቀዘ ይጠራቀማል፤ ዘይቱም ከውሃው በላይ ሰፍፎ ይገኛል። የአረቄ አወጣጥ ለሚያውቅ ሰው ሥራው እንግዳ አይሆንበትም። በኢትዮጵያ ደጋ፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ኃይለኛ ነገሮች በዘይቱ ውስጥ አሉት። በጠጅ ሳር ዘይት የሚበዛው ሲትራል የሚባለው ነው። እነዚህ ነገሮች ሻጋታን፣ ተሐዋስያንንና ትንንሽ ተባዮችን የማሸነፍ ኃይል እንዳላቸው በብዙ ፈተና ታውቋል። ስለዚህ የመዓዛ ዘይት ኃይሉ የመድኃኒት ኃይል እንጂ የቀለብ ኃይል አይደለም። ሰው ዳማከሴን ለምች ይጠጣዋል እንጂ እንደ እንጀራ ለራት አያቀርበውም።

ይህ ዘይት ወደ ንብ ቀፎ የገባበትም ምክንያት ሊታወቅ ይገባል። ቫሮዋ የምትባል መዥገር መሰል ጥገኛ ተባይ ከእስያ ንቦች ወደ ሌሎች ንቦች ተዛምታ በ1987 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ ተገኘች፤ በዚያም አገርና በአውሮፓ የማይቈጠር ኅብረ ንብ አጠፋች። ይህች ተባይ በእጩና በንቢቱ ሰውነት ላይ ተጣብቃ ታደክማለች፤ በሽታም ታስተላልፋለች። የንብ አርቢዎች በፋብሪካ የተሠሩ መርዞችን ቢረጩባት ጥቂት ቈይታ መርዙን ለመደችው። ከዚህ የተነሣ በ1990ዎቹ በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያና በሌሎችም ስፍራዎች የመዓዛ ዘይቶች ተፈተኑ። ከእነርሱም ውስጥ ከጦስኝ ወገን የሚገኘው ቲሞል በጣም ጠቃሚ ሆኖ በመገኘቱ እስከ ዛሬ ድረስ በአውሮፓ አገሮች በተፈቀደ መድኃኒትነት ይሠራበታል። አሠራሩም ማሩ ከተቈረጠ በኋላ በቀፎው ውስጥ ተቀምጦ ትነቱ ተባይቱን እንዲገድል ነው። ከዚህም ሌላ የቲሞል ጠብታ የገባበት የስኳር ውሃ ቶሎ አይሻግትም፤ ኖዜማ የሚባለውን የንብ የአንጀት በሽታም እንደሚቀንስ በፈተና ታይቷል። የዘይቱ ወዳጆች የሚናገሩት ነገር እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፤ ሊካድም አይገባም።

ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ዘይቱ የታመመውን ኅብረ ንብ ስለ ረዳ ጤነኛውንም ማር ያስበዛዋል ብሎ መደምደም ነገርን ከሥፍራው ማናወጥ ነው። ማር የሚሠራው ንብ ከአበባ ከምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ከአበባው ሲወሰድ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ንቦቹ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉት፣ በክንፋቸውም እያራገቡ፣ ውሃው ከመቶ 20 እጅ እስኪያንስ ድረስ ያደርቁታል። እጩን የሚያሳድገው ሥጋና አጥንት ደግሞ ከአበባ ዱቄት የሚገኝ ነው። በጥቂት የዘይት ጠብታ ውስጥ የአበባ ፈሳሽም የአበባ ዱቄትም የለም። ስለዚህ በሜዳው አበባ ከሌለ የአገር ጠጅ ሳር ሁሉ ተነጥሮ በቀፎው ቢንጠባጠብ አንዲት ማንኪያ ማር አይጨምርም።

የማር ብዛት የሚገኘው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲገጣጠም ነው፤ ይኸውም በሜዳው ብዙ አበባ፣ በቀፎውም ብዙ ለሥራ የደረሱ ንቦች ሲኖሩ ነው። አውራዪቱ የጣለችው ዕንቍላል ሠራተኛ ንብ ሆኖ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ 21 ቀን ያህል ይፈጃል። የተወለደችውም ንብ ወዲያው ወደ አበባ አትሄድም፤ መጀመሪያ በቀፎው ውስጥ እጩን ስትመግብ፣ ሰም ስትሠራ፣ ቤት ስትጠርግ ሦስት ሳምንት ያህል ትቈያለች። ስለዚህ በዕንቍላሉና ለመቅሰም በምትወጣው ንብ መካከል 6 ሳምንት ያህል አለ። አደይ አበባና መች በመስከረም ሲፈነዱ ለሥራ የሚወጡት ንቦች በሐምሌ መጨረሻ አካባቢ የተጣሉት ዕንቍላሎች ናቸው ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡና ብርዱ ንቡን ከቀፎ የሚያስቀረው፣ ስንቁም የሚያልቅበት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ የተራበ ኅብረ ንብ እጩን ያቋርጣል፤ መስከረም ሲጠባ ጥቂት ንብ ብቻ ይዞ ይገኛል፤ እነዚያም ጥቂቶች የራሳቸውን ቍጥር ለማብዛት ሲደክሙ አበባው ያልፍባቸዋል። እንግዲህ ማርን የሚያበዛው በሐምሌ የተሰጠው ቀለብ ነው። ቀለቡ ሽታ ቢኖረውም ባይኖረውም የቀለብነቱን ሥራ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ስፍራ ነው። አንድ ገበሬ ለአምስት ቀፎ የስኳር ውሃ ከዘይት ጋራ ቢሰጥ፣ ሌሎቹን አምስቱን ግን ምንም ሳይሰጥ ቢተዋቸው፣ በኅዳር ማር ሲቈርጥ የቀለቡት አምስቱ ያለ ጥርጥር ይበልጣሉ። ገበሬውም «ዘይቱ አበዛልኝ» ይላል። ነገር ግን ያበዛለት ስኳሩ ነው ወይስ ዘይቱ? ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም። ለመለየት የሚፈልግ ሰው ለአንዱ ወገን የስኳር ውሃ ከዘይት ጋራ፣ ለሌላው ወገን ያንኑ ያህል የስኳር ውሃ ያለ ዘይት መስጠት አለበት። ቀፎዎቹም አስቀድመው በንብ ብዛት፣ በአውራ ዕድሜና በቀፎ ዐይነት የተመሳሰሉ መሆን ይገባቸዋል። እንዲህ ሳይደረግ የተነገረ ምስክርነት ከልብ የተነገረ ቢሆንም ለመንግሥት ገንዘብ ማውጫ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ከዚህም በቀር የኢትዮጵያ ንብ እንደ አውሮፓ ንብ አይደለችም። ቫሮዋ በ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በደቡብ አፍሪካ በገባች ጊዜ ብዙ ጥፋት ይመጣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ አገር ንቦች ያለ መድኃኒት ተዉአቸው ሲባሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተባይቱን ተቋቁመው መኖር ቻሉ። በ2009 በኬንያና በታንዛንያ መኖሯ ታወቀ፤ በኬንያ የተደረገውም ምርመራ ተባይቱ በብዙ ስፍራ ብትገኝም ንቦቹ ያለ መድኃኒት እንደሚኖሩ አሳየ። በኢትዮጵያም በትግራይ መገኘቷ በተመራማሪዎች ተገልጧል። የአፍሪካ ንብ ይህን የመሰለ ትዕግሥት ከተፈጥሮዋ አላት። ንቢቱ ራሷ የምታሸንፈውን ጠላት ከእርሷ ቀድሞ በመድኃኒት መግደል፣ ደካማው ኅብረ ንብ ከብርቱው ጋራ ተደባልቆ እንዲራባ ማድረግ ነው። ስለዚህ ዘይቱ በውጭ አገር የተፈለገበት ዋና ምክንያት በኢትዮጵያ በዚያው መጠን አይገኝም። ምክንያቱ ሳይኖር መድኃኒቱን ማምጣት ደግሞ ጤነኛን ሰው እንደ ማሳከም ይቈጠራል።

ጉዳቱም ሊነገር ይገባል። የመጀመሪያው የመጠን ነገር ነው። ዘይት ከውሃ ጋራ በቀላሉ አይዋሐድም፤ በደንብ ሳይበረዝ የቀረ እንደ ሆነ በውሃው ላይ ይሰፍፋል፤ ያን ያልተበረዘ ዘይት የቀመሰች ንብ ትሞታለች። መጠኑ ሲያልፍም እጩን ይጐዳል፤ የቤቱ ሽታ የተለወጠበትና የታወከ ኅብረ ንብም ቀፎውን ጥሎ ሊኰበልል ይችላል። የኢትዮጵያ ንብ ደግሞ ነገር ሲከፋባት ለመኰብለል ፈጣን መሆኗን የማያውቅ ንብ አርቢ የለም። ሁለተኛው የዘረፋ ነገር ነው። ሽታው የሩቁን ንብ ሁሉ ይጠራል፤ በረኀብ ወራት ሽታ ያለው የስኳር ውሃ በደካማ ቀፎ አጠገብ ሲፈስስ ብርቱዎቹ ንቦች መጥተው ይዘርፉታል። ሊረዳ የታሰበው ደካማ ቀፎም በዚያው ቀን ባዶውን ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የማሩ ስም ነው። የቲሞል ሽታ በማር ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ይታወቃል፤ በስዊስ አገር የተደረገ ፈተና በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ከ1 ሚሊ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ቲሞል ቢኖር ቀማሹ እንደሚለየው አሳይቷል። ዘይቱ በሰም ውስጥም ይሰርጻል፤ ከሰም ለመልቀቅም ጊዜ ይፈጅበታል። ስኳሩ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። አበባ ከፈነዳ በኋላ የተሰጠ የስኳር ውሃ በንቦቹ እንደ ማር ተደርጎ በማሩ እንጀራ ውስጥ ይከማቻል። ገበሬው ምንም የማታለል አሳብ ሳይኖረው የተደባለቀ ማር ሻጭ ይሆናል። በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች የሚሠራው ስኳር ከሸንኰራ አገዳ ነው። የአገዳ ስኳር ደግሞ በተፈጥሮው ከአበባ ማር የሚለይበት ምልክት ስላለው በዓለም ገበያ የሚመረምሩ ሰዎች በመሣሪያ ለይተው ያገኙታል፤ ከመቶ 7 እጅ ያለፈ የተገኘበት ማር ንጹሕ ማር አይባልም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብም ማር ምንም ነገር ያልተጨመረበት እንዲሆን ያዛል።

ኢትዮጵያ ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንድትልክ በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፈቃድ ያገኘችው በማር ውስጥ የሚቀረውን መድኃኒትና መርዝ በየዓመቱ የምትመረምርበትን ሥርዓት አቅርባ ነው። የኢትዮጵያ ማር በገበያ ከሌላው የሚበልጥበት ትልቁ ክብሩ መድኃኒት ያልነካው ከጫካና ከሜዳ አበባ የተቀሰመ መሆኑ ነው። የትግራይ ነጭ ማር፣ የደቡብ ምዕራቡ የጫካ ማር፣ እያንዳንዱ በመልኩና በጣዕሙ የበቀለበትን አገር ይመሰክራል። ይህ ሁሉ በአንድ ዐይነት የጠርሙስ ሽታ ቢሸፈን ገዢው የሚከፍልበት ምክንያት ይጠፋል። አበው «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ያሉት ስለ ደግ ንግግር ነው፤ በማር ንግድ ግን ቃሉና የሚሰፈረው ማር እንዲስማሙ ያስፈልጋል። አንድ ወረዳ በአንድ ዓመት ችኰላ ያጠፋውን ስም ሌሎቹ ወረዳዎች በብዙ ዓመት ድካም አይመልሱትም።

ይህ ሲባል መዓዛ በንብ ሥራ ስፍራ የለውም ማለት አይደለም። የአገሩ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ አዲስ ቀፎ ሲሰቅል በወይራ ጢስና መዓዛ ባላቸው ቅጠሎች ያጥነዋል፤ የሚንከራተት የንብ መንጋም ሽታውን ተከትሎ ይገባበታል። ይህ ልማድ ከንቱ አይደለም። ንብ መንገድ የጠፋባቸውን ጓደኞቿን የምትጠራበት፣ ናሶኖቭ በተባለው የሩሲያ ሊቅ ስም የሚጠራ ዕጢ አላት፤ ከዚያ ዕጢ የሚወጣው ሽታ በጠጅ ሳር ዘይት ውስጥ ያለውን ሲትራል ይዟል። ስለዚህ ጥቂት የጠጅ ሳር ዘይት ወይም የታሸ ትኵስ ጠጅ ሳር በባዶ ቀፎ ላይ ማሸት የተፈጥሮን ጥሪ መምሰል ነው። ማርም በሌለበት ቀፎ ስለሚደረግ የማሩን ጣዕም አይነካም። የመዓዛው ትክክለኛ ስፍራ ይህ ነው፤ ለዚህም ጠርሙስ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ጠጅ ሳር በየጓሮው አለ።

እንግዲህ ለዘይት ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ በምን ላይ ቢውል ይሻላል? መጀመሪያ በአበባ ላይ ነው። ግራዋ፣ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ግራርና ትሪ ሉሰርን የመሰሉት ተክሎች አንድ ጊዜ ከተተከሉ ለንብ ቀለብ በየዓመቱ ይሰጣሉ። ግራዋ አብዛኛው ሜዳ በደረቀበት በበጋው ወራት ማበቡ ታላቅ ረድኤት ነው። ትሪ ሉሰርን ለከብትም መኖ ስለሚሆን ገበሬው ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል። ኑግና ባቄላም የንብ ማሰማሪያ ናቸው፤ ኑግ ያለ ንብና ያለ ሌሎች በራሪዎች ዕርዳታ በደንብ አያፈራምና ንቡ ከቀለቡ አብልጦ ለገበሬው ይመልስለታል። ጦስኝም ቢሆን ሥሩ ሳይነቀል በሜዳው ቢጠበቅ አበባው ለንብ ቀለብ ይሆናል። ስለ ዘይቱ ሲባል ከሥሩ እየተነቀለ ቢያልቅ ግን ሰውም ንብም ያጡታል።

ሁለተኛው በረኀብ ወራት በጊዜው የሚሰጥ ቀለብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ እንደዚሁም አበባ በሚጠፋበት በበጋው መጨረሻ፣ ገበሬው የሽሮ ወይም የበሶ ዱቄትና የስኳር ውሃ ለንቡ መስጠትን ያውቃል። ዱቄቱ በአበባ ዱቄት ፈንታ፣ የስኳሩ ውሃ በአበባው ፈሳሽ ፈንታ ያገለግላል። እጩን ለማነሣሣት 1 እጅ ስኳር በ1 እጅ ውሃ፣ ለስንቅ ሲሆን 2 እጅ ስኳር በ1 እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ማታ ማታ በቀፎው ውስጥ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው አበባ ሲፈነዳም ይቋረጣል። ከሁሉ የሚረክሰውና የሚሻለው ግን ማር ሲቈረጥ ለንቡ ስንቅ የሚሆነውን ሳይነኩ መተው ነው። ንቡን በኅዳር ራቁቱን አስቀርቶ በሐምሌ ስኳር እየገዙ መቀለብ በአንድ እጅ የነጠቁትን በሌላው እጅ በውድ ዋጋ መመለስ ነው።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። ጉንዳን፣ የሰም ትልና ሸረሪት በየዓመቱ የሚያጠፉትን ኅብረ ንብ የቀፎ ማስቀመጫውን እግር በአመድ በመክበብ፣ ሥሩን በማጽዳት፣ ያረጀውን የማር እንጀራ በማውጣት መቀነስ ይቻላል። ከዚህ የሚብሰው የእርሻ መርዝ ነው። በአበባ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን፣ ንብ በሜዳ ሳለች የሚረጭ ፀረ ተባይ መርዝ አንድ ጠርሙስ የመዓዛ ዘይት ሊመልሰው የማይችለውን ጥፋት በአንድ ቀን ያደርጋል። የአረም መርዝም አረሙን ከነአበባው አጥፍቶ ንቡን ያስርባል። መንግሥት የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅን ቍጥር 660/2002 ያወጣው ይህ ሀብት ጥበቃ ስለሚያስፈልገው ነው። ሹማምንት ረጪውና ንብ አርቢው አስቀድመው እንዲነጋገሩ፣ ርጭቱም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ማታ እንዲሆን ቢያደርጉ አንዳች ገንዘብ ሳያወጡ ብዙ ማር ያተርፋሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በዘይቱ ላይ ፈተና ለማድረግ የሚወድ ወረዳ ቢኖር ሊከለከል አይገባም፤ ያለ ፈተና ዕውቀት አይገኝምና። ነገር ግን ፈተናው በሥርዓት ይሁን። ቀፎዎቹ ጥቂትና የተመሳሰሉ ይሁኑ፤ እኩሌቶቹ ዘይት ያለበትን፣ እኩሌቶቹ ዘይት የሌለበትን አንድ ዐይነት የስኳር ውሃ ይቀበሉ። የተሰጠው መጠንና ቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። አበባ ሳይፈነዳ፣ የማር መያዣውም ሣጥን ሳይደረብ ቀለቡ ይቋረጥ። ማሩ ሲቈረጥ የእያንዳንዱ ቀፎ ለብቻው ይመዘን፤ ከፈተናው ቀፎዎች የተገኘውም ከሌላው ማር ጋራ አይደባለቅ። አንድ ዓመት ደግ ዝናብ ስለሚሆን ወይም ስለማይሆን በአንድ መከር ብቻ አይፈረድ። የፈተናውም ውጤት ቢያምርም ባያምርም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለተቋቋመው ለሆለታው የንብ ምርምር ማዕከል ይገለጽ፤ በዚያ ያሉት ዐዋቂዎች ይመዝኑት። ገበሬው ከራሱ ኪስ የሚከፍልበት ፈተና ግን ፈተና ሳይሆን ንግድ ነው፤ ከዚህ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ብዙ ቀፎ የሌለው ገበሬ የማር ገንዘቡ የልጅ ልብስ፣ የደብተር መግዣ፣ የዘር ብድር መክፈያ ነው። ለእርሱ አምስት ቀፎ ማለት አምስት ተስፋ ነው፤ በአንድ የተሳሳተ ምክር ሁለቱ ቢኰበልሉበት ከተስፋው እኩሌታ የሚደርሰው ይጠፋበታል። ጽሕፈት ቤቱም ምክር ሲሰጥ በዚህ ሚዛን ሊመዝን ይገባዋል። ስለዚህ «ይህ ዘይት ይረባልን?» ብሎ ለሚጠይቀው ገበሬ የሚገባው መልስ አጭር ነው። ለባዶ ቀፎ ማጠኛ ይረባል፤ ለታመመ ኅብረ ንብ ዐዋቂ አይቶ ሲያዝዝ ይረባል፤ ለማር ማብዣ ግን አስቀድሞ በሐምሌ ንቡን ይቀልብ፣ በማሳው ዳርም ግራዋ ይትከል። የግራዋውን ችግኝ ከመንግሥት ማፍያ አምጥቶ መስጠት ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ ፈንታ ነው።